ሲራመዱ ያምዎታል?

ዘበኛው ጧት ጧት የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

«ኢንድሪስ፣ እንደምን አደሩ። ደረትዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ሲራመዱ ባትዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«መልካም። የደም ሥሮችዎ ሰላም ናቸው። መልካም ቀን።»

ኢንድሪስ አልዋሸም። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ወድቆ ጀርባው ከተሰበረ ወዲህ ከብብቱ በታች ምንም ነገር ተሰምቶት አያውቅም። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ከተራመደም የዚያኑ ያህል ጊዜው ነው፤ ስለዚህ ሲራመድ አያመውም። ክንዱ ውስጥ ያለችው ክር የደሙን ግፊት ትለካለች፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅተኛ ደግሞ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የዕቃ አመላላሽ ድሮኖችን ክንፍ ሲጠግን ስለሚውል «በቂ ዕረፍት ያደርጋሉ» ተብሎ ተመስግኗል።

ዘበኛ የሚለው ስም የሕዝቡ ነው፤ የጤና ማዕከሉ በየሰው ክንድ ውስጥ ያስገባው የሚናገር ጤና ጠባቂ መሣሪያ ነው። እውነተኛው ስሙ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራውም። በኮምቦልቻ ዘበኛ ክንዱ ውስጥ የሌለው ሰው የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው «ዘበኛህ ምን አለህ?» ነው። «አረንጓዴ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ይባላል። አንዳንድ አነጋገሮች ከከተማው ጠፍተዋል። «በሞቴ ብላ» ብሎ የሚያጎርስ የለም፤ ዘበኛው ይመዘግበዋል። አንዲት እናት ልጇን «ልሙትልህ» ብላው ሳምንቱን ሙሉ የሥነ ልቦና ምክር ስትሰማ ከርማለች። አሁን «በጤናዬ ብላ» ነው የሚባለው፤ ጉርሻው ግን አልተቀየረም።

ሰፈሩን የሚቀብረው ዕድር፣ ቅሬውም፣ ከዘበኛው ጋር ተስማምቷል። ድሮ ሰው ሳይታሰብ እየሞተ ያስቸግር ነበር፤ ድንኳኑ ሌላ ለቅሶ ላይ ሆኖ ይገኛል፣ ተሸካሚው ገበያ ሄዶ ይገኛል። አሁን የጤና ማዕከሉ አስቀድሞ ይነግራል። ሰውዬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ይሄድና በመጨረሻ «የተዘጋጀ» ይባላል። ያን ጊዜ የቅሬው ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶዎች አምጥተው አጥሩ ላይ ያስደግፋሉ። «እንጨት መጣለት» ይባላል። ዘመድ ይጠራል፣ ይቅር ይባባላል፣ ሁሉም በሥርዓት ይሆናል። ሁሉም ሰው የተሻለ ነው ይላል።

ኢንድሪስ እግሩ ላይ ችግር መኖሩን ያወቀው በእጁ ነው። ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን በገዛ እጁ ያጥባል። እግሮቹ ባይሰሙም እጆቹ ይሰማሉ። ቀኝ እግሩ ቀዝቅዞ ባገኘው ቁጥር ውኃው ነው እያለ ሲያልፈው ቆየ። አንድ ቀን ሚስቱ ዘይነባ ውኃውን አሙቃ ሰጠችው። ግራ እግሩ ሞቀ። ቀኙ ከውኃው ውስጥ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ወጣ።

«ዘይነባ» አለ፤ «እስቲ ነይ፣ ይቺን ንኪልኝ።»

እጇን ቀሚሷ ላይ አደራርቃ መጣችና ነካችው። ከዚያ አጎንብሳ አየችው። ትንሿ ጣት ጫፏ ጠቁሯል።

«ምን መትቶህ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቢመታኝስ ይነግረኛል?»

«ዘበኛው ምን አለህ ዛሬ?»

«ሰላም ነህ አለኝ።»

ዘይነባ የጠቆረችውን ጣት በቀሚሷ ጫፍ አሸት አደረገቻት። ከዚያ ካልሲ አመጣች። ሁለቱም ካልሲው የሚያመጣው ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፤ ግን ሌላ የሚያመጡት ነገር አልነበራቸውም።

በማግስቱ ኢንድሪስ ለዘበኛው ሳይጠየቅ ተናገረ። «ቀኝ እግሬ ቀዝቅዟል። ጣቴም ጠቁሯል።»

«አመሰግናለሁ። የዛሬው የአየር ጠባይ ቀዝቃዛ ነው። ካልሲ ይልበሱ።»

«ለብሻለሁ። ሐኪም ይየኝ።»

«ሐኪም የሚያየው ሕመም ያለበትን ሰው ነው። ያምዎታል?»

«አያመኝም። ሊያመኝ አይችልም።»

«መልካም። የደም ሥሮችዎ ሰላም ናቸው።»

ጥቁሩ ወደ ሁለተኛዋ ጣት ተሻገረ። ኢንድሪስ በየሶላቱ ሰዓት ይነካዋል። ሌላ ሰው ሲፈራ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሆዱ ይላወሳል። ኢንድሪስ ፍርሃቱን የሚያስቀምጥበት ያ ሁሉ ቦታ ስለሌለው ሁሉም ጉሮሮው ላይ ተከመረ። እህል አልወርድ አለው።

«ለምን አመመኝ አትለውም?» አለች ዘይነባ። «ሰው ሁሉ የሚለውን በል። ያኔ ያይሃል።»

«ውሸት ነዋ።»

«ጣትህ ውሸት ነው?»

ጧት ዘበኛው ሲጠይቀው ኢንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። «ደረቴን ያመኛል» አለ። «ሲራመዱስ?» ሲባል፣ «እሱም ያመኛል» አለ።

ዘበኛው እንደወትሮው ወዲያው አልመለሰም። ኢንድሪስ ይህን ያህል ዝም ሲል ሰምቶት አያውቅም።

«አመሰግናለሁ» አለ በመጨረሻ። «ምድብዎ ተቀይሯል። ከእንግዲህ ጥያቄ አንጠይቅዎትም። መልካም ዕረፍት።»

ከሥሩ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ቀጭ አለና ተቆለፈ። ወንበሩ የማዕከሉ ነው። ኢንድሪስ ማንቀሳቀሻውን ወደፊትም ወደኋላም ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ዘይነባ ከኋላ ሆና ብትገፋም እምቢ አለ።

ረፋዱ ላይ የቅሬው ዳኛ አያ ይመር እንጨት ካሸከሟቸው ሰዎች ጋር ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ቤቶች።»

«ወዓለይኩም ሰላም» አለች ዘይነባ፤ እንጨቱን ስታይ ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ከአጥሩ ጋር እናስደግፈው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ አያ ይመር። «መንገድ እንዳይዘጋ።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ አሊጋዝ ነው፤ ከኢንድሪስ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። ቃሬዛውን ከትከሻው አወረደና ኢንድሪስን ከራሱ እስከ እግሩ በዓይኑ ለካው። «አስረዝሜያታለሁ» አለ ቃሬዛውን እየመታ። «ባለፈው የአንዱ እግር ተርፎ ሲንጠለጠል በሰው ፊት አፈርን። አንተ መቼም ተቀምጠህ ነው የኖርከው፣ ቁመትህን ረስቼዋለሁ።»

«ካንተ እበልጥ ነበር።»

«እሱማ ትበልጥ ነበር። ምሰሶ ላይ ሆነህ።»

ኢንድሪስ አልሳቀም። «አያ ይመር፣ እኔ እኮ ዋሽቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ያመኛል ያልኩትን። አያመኝም።»

አያ ይመር አሰቡ። «እንግዲያው ደህና ነሃ።»

«ደህና አይደለሁም። እግሬ እየሞተ ነው።»

«እንግዲያው አልዋሸህማ።»

«አንድ ጊዜ አመመኝ ስላልኩ እንዴት ቀጥታ እንጨት ይመጣብኛል? ቢጫው የት ሄደ? ቀዩስ?»

አያ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። የሚያስረዱ ሰው ናቸው፤ ማዕከሉ ሲያሰለጥናቸው በደንብ ሰምተዋል። «ቢጫ ለሚራመደው ነው። እሱ አመመኝ ካለ ገና ነው ማለት ነው። እንዳንተ ያለው፣ ስሜት የሌለው፣ አመመኝ ካለ ግን አልፏል ማለት ነው ይላሉ። ስሜት የሌለውን እስኪያመው ድረስ ከደረሰ ምን ይቀራል ብለው ነው። ሒሳቡ እንዲያ ነው።»

«አልታመምኩም ስል ጤነኛ ነህ፤ ታመምኩ ስል ሞተሃል?»

«እንዲያ ስትለው ደስ አይልም» አሉ አያ ይመር።

ዘይነባ አምቡላንስ ትጠራ ነበር፤ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ ጠውልጓል። «ለተዘጋጀ ሰው አምቡላንስ አይላክም አሉኝ። ተራው ለሌሎች ነው አሉ።»

ኢንድሪስ አጥሩ ላይ የተደገፉትን እንጨቶች ተመለከተ። ብዙ እጅ ስለነካቸው ያብረቀርቃሉ። «አያ ይመር፣ አላህን ፈርተው ይንገሩኝ። እንጨቱ ከመጣለት በኋላ ተመልሶ የተወሰደለት ሰው አለ?»

አያ ይመር ወደ አሊጋዝ ዞሩ። አሊጋዝ ወደ መሬት አየ።

«የቆዳ ፋብሪካው ልጅ ትንሽ ቆይቷል» አለ አሊጋዝ።

«ተመለሰለት ወይ ነው ያልኩህ።»

«አይ። ቆየ እንጂ።»

ማንም ነገሩን እስከዚያች ሰዓት እንደዚያ አስቦት አያውቅም። ትንቢቱ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም እየተባለ ይደነቅ ነበር። እንጨት የመጣለት ሰው መድኃኒት እንደማይሰጠው፣ ሐኪም እንደማያየው፣ ወንበሩ እንደሚቆለፍበት ሁሉም ያውቃል፤ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አድርጎ ያየ ግን የለም። ቢያይስ ለማን ይናገራል፤ የሚሰማው ዘበኛው ነው።

«ውሰዱኝ» አለ ኢንድሪስ።

«የት?»

«ሆስፒታል። ቃሬዛዋ ይቻትና። ተሸካሚውም ይኸው።»

«ቅሬ የሚሸከመው ሬሳ ነው፣ ኢንድሪስ።»

«ድሮ በሽተኛውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ማን ነበር? እናቴ ምጥ ላይ ሆና ዳገቱን ያወጣት ማን ነው? እርስዎ አልነበሩም?»

አያ ይመር ጢማቸውን ዳበሱ። «ያኔ ሌላ ነው። ዛሬ የተዘጋጀ ሰው ወደ መቃብር ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ ቢባል፣ ማዕከሉ ቅሬውን ይሰርዘዋል። ሰፈሩን ሁሉ ማን ይቀብረዋል?»

ዘይነባ እስከዚያ ድረስ በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ አያ ይመር ቀረበችና ካልሲውን ከባሏ እግር ላይ አወለቀችው። ሦስተኛው ጣት ጠቁሯል። ሽታም አለው። የቅሬው ሰዎች ያን ሽታ ያውቁታል፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግን ሸትቷቸው አያውቅም። አሊጋዝ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ቃሬዛውን አነሳ።

«አያ፣ ይሰርዙን» አለ። «እኔ ይሄን ሽታ ይዞ የሚያወራ ሰው ጥዬ ምሳ አልበላም።»

ኢንድሪስን ቃሬዛው ላይ አጋደሙት። አያ ይመር ድንኳኑንም አስያዙ። «እንደ ለቅሶ እንሂድ» አሉ። «ለቅሶ ማንም አያቆምም።»

እውነትም ማንም አላቆማቸውም። መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ፣ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ተነስቶ ቆመ፣ ሹፌር የሌለው አውቶቡስ እንኳ መብራቱን ቀነሰ። ኢንድሪስ በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን ያያል፤ ልቡ ደረቱን ሳይሆን ጆሮውን ትመታዋለች። የሚያውቀው ሰው ባየ ቁጥር ከልማዱ «እንደምን ዋልክ» ይላል። አንድ ጫማ ጠጋኝ በአፉ የያዘውን ሚስማር ዋጠ።

«ዝም ብለህ ተኛ» አለ አሊጋዝ ከሥር ሆኖ። «ሰው በድንጋጤ ትገድልብንና ሥራ ታበዛብናለህ።»

«እየፈራሁ ነው፣ አሊጋዝ።»

«ፍራ። ግን ዝም ብለህ ፍራ።»

የላይኛው ሆስፒታል በር የሰውን ክንድ ያነባል። ቃሬዛውን ሲያስጠጉ ማንበቢያው ኢንድሪስን አየው፣ ትንሽ አሰበ፣ አልከፈተም። የሚያናግሩት ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ብቻ «የተዘጋጁ ሰዎች በቤታቸው እንዲያርፉ ይመከራል» አለ። አሊጋዝ በሩን በእግሩ መታው። ግድግዳው ያንኑ ደገመ።

ኢንድሪስ አለቀሰ። የሚመልሱት መሰለው።

አያ ይመር ግን ወዲያ ወዲህ አዩና ምሰሶዎቹን እንዲተክሉ አዘዙ። «የት?» ሲባሉ፣ «እዚሁ» አሉ። ድንኳኑ በሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ሠራተኛው በሚወጣበት ጥርጊያ ላይ ተተከለ። ኢንድሪስ መሃል ተጋደመ፤ የቅሬው ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ዘይነባ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የሚጠብቁትን ነገር አያ ይመር አልነገሯቸውም።

ሥራ መልቀቂያው ሲደርስ ሐኪሞቹ ይወጡ ጀመር። እነዚህ ሰዎች ቁጥር ሲያነቡ የሚውሉ ናቸው፤ በሽተኛ ገጽታቸውን አያውቅም። ግን የሰው አገር ሰው አይደሉም፤ በለቅሶ ድንኳን ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ እንደማይቻል ያውቃሉ። አንዱ ቀና ብሎ አየና በሩጫ አለፈ፤ ሲያፍር ጀርባው ያስታውቃል። ሁለተኛዋ፣ ገና ወጣት የሆነች፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ገባች። ደረቷ ላይ ዶክተር ትርሲት የሚል ተጽፏል።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለች ጥግ ላይ እየተቀመጠች። ጥቂት አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ እንደ ደንቡ፣ «ማን ነው ያረፈው?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ» አለ አሊጋዝ በአገጩ እያመለከተ።

«ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ» አለ ኢንድሪስ።

ዶክተር ትርሲት ተነስታ ልትሮጥ ስትል እጇን ያዛት። ሲጠግን የኖረ እጅ ነው፤ አይለቅም። «አንድ ጊዜ ብቻ እግሬን ይንኩልኝ። ከዚያ በኋላ ለቅሶዎን መድረስ ይችላሉ።»

«እኔ ሰው… እኛ አንነካም እኮ» አለች።

«ግድየለም፣ አያመኝም።»

መጀመሪያ ግራ እግሩን ነካች። ከዚያ ቀኙን። እጇን ወደ ኋላ ሳብ አደረገችና መልሳ አሳረፈችው። ጣቶቿ ከእግሩ ጀርባ ላይ የሆነ ነገር ፈለጉ፤ አጡ። ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ፈለጉ፤ ከጉልበቱ ኋላ ፈለጉ። ተማሪ ሳለች የተማረችውን እያስታወሰች ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ኢንድሪስ ፊቷን ያነብ ነበር። ለዓመታት ስለ እሱ ሲል የተለወጠ የሐኪም ፊት አላየም። አሁን ሲለወጥ አየ፤ ባላየሁ ብሎ ተመኘ።

«ደም እየደረሰው አይደለም» አለች። «ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት።»

«ዘበኛው ሰላም ነህ ሲለኝ ነበር።»

«ዘበኛው የተሠራው በሚራመዱ ሰዎች ልክ ነው። የሚራመድ ሰው የደም ሥሩ ሲጠብ ባቱን ያመዋል፣ ይቆማል፣ ይመጣል። የማይራመድ እግር ግን ሥሩ እየቀጠነ፣ ስብ እየያዘ ይሄዳል፤ ልብም አብሮ። ድምፅ የለውም።» ትንፋሽ ወሰደች። «እግሩን ማትረፍ አልችልም። ዛሬ ካልተቆረጠ እርስዎንም አላተርፍም።»

«በሩ አይከፈትለትም» አለች ዘይነባ።

«በኋላ በኩል ሬሳ የሚወጣበት በር አለ። እሱ ክንድ አይጠይቅም።»

ኢንድሪስ በሬሳ ማውጫው በር ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ በር በዚያ አቅጣጫ ያለፈ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም የመጀመሪያው።

እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ዶክተር ትርሲት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለአያ ይመር ሰጠቻቸው። የሰው አካል ነውና ይቀበራል፤ ቅሬው ወስዶ ቀበረው፤ ትንሽ ጉድጓድ ነበረች። አያ ይመር ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው። ቅሬው የቀበረውን ሁሉ ለማዕከሉ ማስታወቅ ግዴታቸው ነው፤ አስታወቁ። «የማን ነው?» ሲባሉ «የኢንድሪስ» አሉ። «ምኑ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ዘበኛው እንደዚያ ብሎ መጠየቅ አልተማረም።

በዚያው ቅጽበት ኢንድሪስ አልጋው ላይ ሳለ ክንዱ ውስጥ ያለችው ክር ቀዘቀዘች፤ በማዕከሉ መዝገብ ሞቷል።

አያ ይመር ያደረጉትን ሲረዱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሄጄ ላስተካክል ብለው ተነሱ። ዶክተር ትርሲት በሹክሹክታ ከለከለቻቸው። «ሰው ሞቷል ተብሎ በስሕተት ከተመዘገበ መልሰው የሚያስገቡት የነበረበት ምድብ ላይ ነው» አለች። «እሱ የነበረበት ‘የተዘጋጀ’ የሚለው ነው። እዚያ ከገባ እኔም እንዳልነካው ይነገረኛል። ሌላው እግሩም ጠቧል፣ ልቡም መድኃኒት ይፈልጋል። ዝም በሉ። እኔ ለቅሶ ልደርስ መስዬ እመጣለሁ።»

ኢንድሪስን እንደወጣ በቃሬዛ ተሸክመው ቤቱ አስገቡት። ደግነቱ የዘይነባ ቤት የለቅሶ ቤት ስለሆነ ሰው ቢገባ ቢወጣ ማንም አይጠረጥርም። ጎረቤት ይመጣል፣ «አላህ ያጽናሽ» ይላታል፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ኢንድሪስን «እንዴት ነህ?» ይለዋል። ሁሉም በሹክሹክታ ነው። በየሰዉ ክንድ ውስጥ ጆሮ አለና።

በመጀመሪያው ጧት ኢንድሪስ በልማዱ ጥያቄውን ጠበቀ። አልመጣም። የሰማው የዘይነባን ነው።

«ዘይነባ፣ እንደምን አደሩ። በባለቤትዎ ሞት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን። በሐዘን ጊዜ ልብ ይደክማል፤ ስለዚህ ቀረብ ብለን እንጠብቅዎታለን። ብቻዎን ነዎት?»

ዘይነባ ወደ ኢንድሪስ አየች። «ብቻዬን ነኝ።»

ዘበኛው ዝም አለ። ኢንድሪስ ያን ዝምታ ያውቀዋል።

«በቤቱ ውስጥ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማል።»

«እንግዳ ነው» አለች ዘይነባ። «ለለቅሶ የመጣ።»

«የእንግዳዎ ክንድ ምልክት አይሰጥም። ምናልባት ታመው ይሆናል። ቀረብ ብለው ስማቸውን ይንገሩን።»

ኢንድሪስ በሁለት እጁ አፉን አፈነ። ዘይነባ ትንፋሹ እንዳይሰማ ወደ ቧንቧው ሄደችና እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውኃው ባዶው ባልዲ ውስጥ ይጮህ ጀመር።

«እየጠበቅን ነው» አለ ዘበኛው።